ለሌላ አገር ብርድ የተሠራ

ቮልስዋገን በጀርመን አገር ስትነደፍ ከነዳፊዎቿ ዐሳብ ያልራቀ አንድ ነገር ነበር፤ እሱም ክረምት ነው። ጋራዥ የሌለው ሠራተኛ መኪናውን ደጅ አቁሞ ሲያድር የራዲያተሩ ውሃ በረዶ ሆኖ ሞተሩን እንዳይሰነጥቅበት፣ ሞተሯ በውሃ ምትክ በአየር እንዲቀዘቅዝ ተደረገ። ውሃ ከሌለ በረዶ የሚሆን ነገር የለም። ሆኖም ውሃ ከሌለ፣ ሌሎች መኪኖች ተሳፋሪን የሚያሞቁበት የፈላ ውሃም የለም። ስለዚህ ነዳፊዎቹ ሌላ መላ ፈለጉ፤ የጢስ ማውጫውን ትኩሳት ተበደሩ። ይህ ብድር ከሃምሳ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ፣ የጀርመንን በረዶ ከመጽሐፍ በቀር በማያውቅ ቤተሰብ ላይ ምን ዕዳ ይዞ እንደ መጣ የሚከተለው ታሪክ ያሳያል።

መኪናዋን ለማስተዋወቅ ብዙ መድከም አያሻም። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፤ የመጨረሻዋም በሐምሌ 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ወጣች (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በምሥራቅ አፍሪካ በ1954፣ በ1957 እና በ1962 የሳፋሪ ራሊን ውድድር ከትልልቆቹ ነጥቃ የወሰደች ናት። በአዲስ አበባ ደግሞ ዝናዋ ሌላ ነው። የአስተማሪ፣ የነርስ፣ የቢሮ ሠራተኛ መኪና ነበረች፤ አባት ነድቷት፣ ልጅ ተምሮባት፣ የልጅ ልጅ የሚሳፈርባት። ዛሬም ዳገት ላይ ድምፅዋን ሰምቶ ዞር ሳይል «ቮልስ ናት» የማይል የከተማዋ ልጅ ጥቂት ነው።

መምህሩ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። የ1968 ስሪት የሆነችውን የወተት ቀለም ያላትን ቮልሳቸውን በወጣትነታቸው የገዙት፣ ኮንትራቱን ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ አገር አስተማሪ ነበር። ከመኪናዋ ጋር አንድ የእንግሊዝኛ የጥገና መጽሐፍ ተረከቡ። መጽሐፉ ዛሬ ጀርባው ተገንጥሎ በክር የተሰፋ ሲሆን በየገጹ ኅዳግ በእርሳስ የተጻፈ አማርኛ ሞልቶበታል። መምህሩ የማያውቁትን ቃል አልፈው የሚሄዱ ሰው አልነበሩም። አማርኛ ያጡለትን ቃል ራሳቸው ይፈጥሩለታል።

ይህ ልማድ ከጋራዥ ቋንቋ ጋር ሲያጋጫቸው ኖሯል። እንደሚታወቀው የመካኒኮቻችን አማርኛ ግማሹ የጣልያን ውርስ ነው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ እያለ የሚሠራ ሰው፣ ጣልያን አገር ሄዶ አንዲት ዐረፍተ ነገር መናገር ባይችል እንኳ መኪና ፈትቶ ይገጥማል። ማሞቂያው ግን ከዚህ ውርስ ውጭ የቀረ ይመስላል፤ በየጋራዡ የሚጠራው በእንግሊዝኛ ስሙ «ሂተር» ተብሎ ነው። መምህሩ ግን በመጽሐፋቸው ኅዳግ ላይ፣ ከማርሚታው ጋር ተያይዘው በሞተሩ ግራና ቀኝ የሚቀመጡትን ሁለት ወፋፍራም ብረቶች «ሙቀት አለዋዋጭ» ብለው ጽፈዋቸዋል። ቃሉ ጥሩ ነው። እንዲያውም በኋላ የመጣው ችግር በሙሉ በዚህ ቃል ውስጥ ተቀምጦ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በዲናሞው ዘንግ ላይ የተገጠመው ፋን በቺንጋ እየዞረ ከውጭ አየር ይስባል። የዚህ አየር አብዛኛው በሲሊንደሮቹ መካከል አልፎ ሞተሩን ያቀዘቅዛል። ጥቂቱ ግን ከፋኑ ቤት ግራና ቀኝ በሚወጡ ሁለት ቱቦዎች ወደ ሙቀት አለዋዋጮቹ ይወርዳል። በእያንዳንዱ አለዋዋጭ ውስጥ የሞተሩ ጢስ የሚያልፍበት ቧንቧ አለ፤ ንጹሑ አየር ከቧንቧው ውጭ፣ በላሜራው ልባስ ውስጥ ይዞረዋል። በመካከላቸው ያለው ግድግዳ የአንድ ብረት ውፍረት ብቻ ነው። ጢሱ በማርሚታው ወደ ውጭ፣ የሞቀው አየር ደግሞ ከበሮቹ ሥር በሚያልፉ የሰውነቷ ሣጥኖች በኩል ወደ ተሳፋሪው እግርና ወደ ፊት መስታወቱ ይሄዳል። ከ1963 ስሪት በፊት የነበሩት ቮልሶች ይህም አልነበራቸውም፤ በሞተሩ ዙሪያ ዞሮ የሞቀውን አየር እንዳለ ነበር ወደ ውስጥ የሚልኩት፣ ከነዘይት ሽታው። አለዋዋጩ የመጣው ለማሻሻል ነው። ብረቱ ደኅና እስከሆነ ድረስም በእርግጥ ማሻሻያ ነው።

አሁን ወደ መምህሩ ቤት። በመኪናዋ ውስጥ፣ ከእጅ ፍሬኑ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ትንንሽ የማሞቂያ ዘንጎች ከሰላሳ ዓመት በላይ ያለ ሥራ ቆመው ነበር። ሽቦዎቻቸው ተበጥሰዋል። መምህሩ ሽቦው ሲበጠስ «ማሞቂያው ሞተ» ብለው ተቀበሉት፤ ማንም ሰው ቢሆን እንዲሁ ይላል። ነገር ግን የሞተው መቆጣጠሪያው እንጂ ማሞቂያው አልነበረም። ፋኑ አየሩን መንፋቱን አላቋረጠም። ሞቃቱን አየር ወደ ውስጥ የሚያስገቡትና ወደ ውጭ የሚመልሱት ትንንሽ ክዳኖች ደግሞ በዝገት ደርቀው ግማሽ ክፍት እንደሆኑ ቀሩ። እንግዲህ መኪናዋ ስትነሣ ጀምሮ እስክትቆም ድረስ፣ በጋ ከክረምት፣ ማንም ያላዘዘው አየር በአለዋዋጮቹ ውስጥ እያለፈ ወደ ተሳፋሪዎቹ ይገባ ነበር። በበጋ መስኮት ስለሚከፈት አይታወቅም። ሰኔ ሲገባና ዝናቡ ሲጀምር፣ ሁሉም መስኮቱን ይዘጋል።

ወይዘሮዋን፣ የመምህሩን ባለቤት፣ በዝናብ ወራት ራስ ምታት ይይዛቸው ከጀመረ ብዙ ክረምት አልፏል። አንዱ የደም ግፊት ነው አለ፤ አንዱ የዓይን ነው ብሎ መነጽር ቀየረላቸው፤ ጎረቤት ደግሞ ምች ነው ብላ ዳማ ከሴ ጨመቀችላቸው። ቤታቸው ገብተው ጋደም ሲሉ ይለቃቸዋል። ስለሚለቃቸውም ብዙ አላሰቡበትም። ነገሩን ያባባሰችው የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ናት። መምህሩ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ሲያደርሷት ከኋላ ትቀመጣለች፤ ሞተሩ ከጀርባዋ ማለት ነው። በዝናባማ ጠዋት መንገዱ ሲዘጋጋ ትተኛለች። «የአያቴ መኪና ያስተኛል» ብላ አንድ ቀን ስትናገር ቤተሰቡ በሙሉ ሳቀ። በሳምንቱ ግን ከመኪናዋ ስትወርድ አስመለሳትና ከትምህርት ቤት ተመለሰች። ሐኪም ቤት ተወሰደች፤ ሲደርሱ ደኅና ነበረች።

መምህሩ መኪናዋን ወደ መካኒኩ የወሰዱት ለዚህ ጉዳይ አልነበረም፤ ለቫልቭ ማስተካከል ነበር። ወይዘሮዋ አብረው ሄደው ነበርና፣ ሰው ሲጠብቅ እንደሚያወጋው ስለ ልጅቷ አወጉ። መካኒኩ አርባ ዓመት የሆነው፣ ከአባቱ ቮልስ መጠገን የተማረ ሰው ነው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣

«ጋሼ፣ እሷን የሚያማት መስኮቱ ተዘግቶ ነው ተከፍቶ?» ሲል ጠየቀ።

መምህሩ መልስ ሳይሰጡ ወይዘሮዋ ቀደሙ። «ተዘግቶ ነው እንጂ! እኔንም የሚያመኝ ሲዘጋ ነው።» ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ይሄ እኮ የከሰል ነው» አሉ።

ልጅ ሳሉ ደብረ ብርሃን ነው ያደጉት። አንድ የኅዳር ሌሊት እናታቸው ከሰሉን ደጅ በደንብ ሳያፋፍሙት ማንደጃውን ወደ ቤት አስገብተው ተኙ። ወይዘሮዋ ያን ሌሊት የሚያስታውሱት በራስ ምታቱ ነው፤ ቀጥሎ ከባድ፣ ደስ የሚል እንቅልፍ። ጎረቤት በሩን ሰብሮ ወደ ውጭ ጎትቶ ባያወጣቸው ኖሮ በዚያው ያልፉ ነበር። «ያኔም መጀመሪያ ራሴን ነው የያዘኝ፤ ከዚያ እንቅልፍ። የልጅቷ እንቅልፍ እንደዚያ ነው» አሉ። የሦስት ሐኪም ምርመራ ያላገኘውን ነገር ያገኘው ይህ የልጅነት ትዝታ ነው።

አንባቢ ይህን ጋዝ በስሙ ባያውቀው እንኳ በሥራው ያውቀዋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ነዳጅም ሆነ ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ የሚወጣ፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ነው። ኦክስጅንን ከሚሸከመው የደማችን ክፍል ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይጣበቃል፤ ስለዚህ ጥቂቱም ቢሆን ብዙ ቦታ ይይዛል። በከተማችን በየብርዱ ወራት በከሰል ታፍነው ያለቁ ቤተሰቦች ወሬ ይሰማል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መሆኗ ደግሞ ነገሩን ያከፋዋል፤ ሲጀመርም የምንስበው ኦክስጅን ከቆላው ያነሰ ነው። አንድ ልዩነት አለ፤ ከሰልን ሰው ይፈራዋል፤ «እስኪፋፋም ደጅ ይቆይ» የሚል የእናት ትእዛዝ በየቤቱ አለ። መኪና ውስጥ ግን እንዲህ የሚል እናት የለችም። የመኪና ማሞቂያ የሥልጣኔ ዕቃ ነውና ማንም ከማንደጃ ጋር አያስተካክለውም።

መካኒኩ ሞተሩን አስነሥቶ በእርጥብ ጨርቅ የማርሚታውን ጫፍ ለአፍታ ያዘው። ከግራ በኩል ፊሽካ መሰል ድምፅ ተሰማ። መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ ሲያይ በመጋጠሚያው ዙሪያ ጥላሸት ተቀብቷል። ይህ ብቻ ቢሆን ጓርኒሲዮን ቀይሮ ይገላገል ነበር። ሁለቱን አለዋዋጮች ፈትቶ ካወረደ በኋላ ግን የግራውን የጢስ ቧንቧ አንድ ጫፍ ዘግቶ ውሃ ሞላበት። ውሃው ከላሜራው ልባስ ውስጥ፣ ንጹሕ አየር ብቻ ሊያልፍበት ከሚገባው ስፍራ፣ በሦስት ቦታ ይንጠባጠብ ጀመር። ሙቀትን ብቻ ማለዋወጥ የነበረበት ዕቃ ጢሱንም ማለዋወጥ ከጀመረ ስንት ዓመቱ እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። መምህሩ ቁጢጥ ብለው ጠብታውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ይነሣ» አለ መካኒኩ። «በባዶ ቧንቧ እንተካዋለን።»

መምህሩ እሺ አላሉም። እዚህ ላይ ሊፈረድባቸው አይገባም። ከመኪናዋ ጋር የኖሩት ከትዳራቸው ላላነሰ ዘመን ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም ነገር ከእርሷ ላይ ቆርጠው አልጣሉም። ሌሎች የቮልስ ባለቤቶች መሪዋን ሲቀይሩ፣ መብራቷን ሲለዋውጡ፣ የኋላ ክዳኗን ገንጥለው ሞተሯን ለፀሐይ ሲያሳዩ እያዩ ይታዘቡ ነበር። «ኦርጅናል» የምትለው ቃል በእርሳቸው አንደበት የክብር ቃል ናት። ደግሞም የጂኦግራፊ ሰው ናቸውና፣ ብርድ ለአዲስ አበባ እንግዳ እንዳልሆነ ለመካኒኩ አስረዱት። የሐምሌ ጠዋት ከወገብ በላይ ካፖርት፣ ከወገብ በታች ቅዝቃዜ ነው፤ ጣርማ በርን በጉም ውስጥ ያቋረጠ ሰው ደግሞ የፊት መስታወት ማሞቂያ የቅንጦት ዕቃ አለመሆኑን ያውቃል።

ይህን ሲሉ ጣታቸውን ወደ ጎን ቀሰሩ። በግቢው ውስጥ አንዲት ሰማያዊና ነጭ ላዳ ቆማ ነበር፤ ሾፌሩ ጠዋት ማሞቂያዋን አስዘግቶ ከሰዓት በፊት ሥራ ሊወጣባት ነው። «የዚያችን በአንዲት ጎማ ቱቦ ጨረስካት። የእኔዋን ለምን እንደዚያ አታደርጋትም?»

ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ መልሱም በሁለቱ መኪኖች መካከል ያለውን የተፈጥሮ ልዩነት ያወጣል። ላዳ የፊያት 124 ልጅ ናት፤ ከ1970 ጀምሮ በቶልያቲ ስትሠራ ማሞቂያዋ ለሩሲያ ክረምት ታስቦ የበረታ ነው። የሞተሯ ሙቅ ውሃ በሁለት ቱቦ ወደ ዳሽቦርዱ ሥር ይገባል፤ በዚያ በትንሽ ራዲያተር ውስጥ ዞሮ ይመለሳል። ሲያረጅ የውሃ መዝጊያዋ ወይም ትንሿ ራዲያተር ታፈሳለች፤ የተሳፋሪው እግር ይርሳል፤ መስታወቱም በእንፋሎት ይሸፈናል። መካኒክ ያን ጊዜ ሁለቱን ቱቦዎች ከግድግዳው ነቅሎ እርስ በርስ በአንድ ጎባጣ ቱቦ ያገናኛቸዋል። ውሃው ወደ ውስጥ ሳይገባ ይመለሳል፤ ነገሩም አለቀ። ማገናኘቱ ከመድፈኑ ይሻላል፤ በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ እስኪከፈት ድረስ ውሃው የሚዞርበት መንገድ ይኸው የማሞቂያው መንገድ ነውና፣ ጫፉን ደፍኖ መተው የሲሊንደር ራሱን ባልታሰበ ቦታ ያግለዋል። ሲፈለግ ደግሞ ቱቦዎቹን መልሶ መሰካት ነው። በላዳ ላይ ከማሞቂያው የሚያፈሰው ውሃ ነው፤ ውሃ ያረጥባል እንጂ አያስተኛም።

ይህም ቢሆን ያለ ዋጋ አይደለም። የዓባይን በረሃ በአሮጌ መኪና የወጣ ሾፌር ያውቀዋል። ከጎሐ ጽዮን ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን ያንኑ ያህል ሽቅብ ሲወጣ የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ይጠጋል። የድሮ ሾፌር ያን ጊዜ መስኮቱን ሁሉ ከፍቶ፣ በዚያ ሐሩር ላይ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይከፍተዋል። ተሳፋሪው እብድ ነው ይለዋል። እሱ ግን ትንሿን ራዲያተር ለትልቋ ረዳት አድርጎ መቅጠሩ ነው፤ ሞተሩ ሊፈላበት ያለውን ሙቀት በተሳፋሪው ጉልበት ላይ ያራግፈዋል። ማሞቂያው የተዘጋ መኪና ይህ መጠባበቂያ የለውም። በድሬዳዋ፣ በጂቡቲ ወይም በሞምባሳ ያለ ባለ መኪና «ማሞቂያ ለእኔ ምኔ ነው» ብሎ ሲያስነቅለው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህን ነው፤ በቆላ ማሞቂያ ለሰው ባይጠቅምም ለሞተር ይጠቅማል። ሐረር ላይ ለረጅም ዘመን በታክሲነት የሠሩት ፔጆ 404ቶች ሾፌሮች፣ በአንድ ቀን ከደጋ ወደ ድሬዳዋ ሙቀት ወርደው እስኪመለሱ ሁለቱንም ጠባዩን ያዩት ነበር።

በቮልስ ላይ ግን እንዲህ ያለ ጎባጣ ቱቦ አይሠራም። ያለው ምርጫ ሦስት ነው። አንደኛው አዲስ አለዋዋጮች ከውጭ ማስመጣት ነው፤ ደኅናዎቹ ውድ ናቸው፣ ርካሾቹ ደግሞ ላሜራቸው ስስ ስለሆነ ችግሩን በጥቂት ዓመት ይመልሱታል። ሁለተኛው ቱቦዎቹን ነቅሎ ቀዳዳውን በጨርቅ መወተፍ ነው፤ በየሰፈሩ የሚደረገው ይኸው ሲሆን ከሁሉ የከፋው እሱ ነው። ጨርቅ በሞተር ሙቀት ይደርቃል፣ ይወድቃል፤ አንዳንዴም ይቃጠላል። ከዚህም በላይ ባለቤቱ ነገሩ ያለቀለት ይመስለውና መጠራጠሩን ይተዋል። ግማሽ ሥራ ካልተሠራ ሥራ የባሰ ነው፤ ያልተሠራው ቢያንስ ያሳስባል። ሦስተኛው መካኒኩ ያለው ነው፤ አለዋዋጮቹን በሙሉ አንሥቶ ጢሱን ብቻ በሚያስተላልፍ ባዶ ቧንቧ መተካት።

መምህሩ ሁለት ቀን አሰቡ። ያሳመናቸው የመካኒኩ ክርክር አልነበረም። ወይዘሮዋ በሦስተኛው ቀን ጠዋት የልጅቷን ቦርሳ አንጠልጥለው ከግቢው ወጡና በታክሲ ወሰዷት። አንድ ቃል አልተናገሩም። መምህሩ ከሰዓት በኋላ ወደ ጋራዡ ሄደው፣ «አንድም ነገር ሳይቆረጥ የሚሠራ ከሆነ ሥራው» አሉት። ይህ ቅድመ ሁኔታቸው ትክክል ነው። ከአሮጌ መኪና ላይ አንድ ነገር ሲነሣ ተመልሶ እንዲገጠም ሆኖ መነሣት አለበት፤ የሚቀጥለው ባለቤት ፍላጎት ከአሁኑ ጋር አንድ ላይሆን ይችላል። በተለይ ከበሮቹ ሥር ያሉት የሞቃት አየር ሣጥኖች የመኪናዋ አጥንት ናቸው። አየር ማስተላለፍ ትርፍ ሥራቸው ነው፤ ዋና ሥራቸው ወለሉንና ገላዋን መሸከም ነው። «ማሞቂያው ከተነሣ ሣጥኑ ምን ይሠራል» ብሎ ያስቆረጠ ሰው በሩ አልዘጋ ሲለው ነው የሚገባው።

ሥራው አንድ ቀን ተኩል ወሰደ። ቧንቧዎቹን መግጠም ቀላሉ ክፍል ነበር፤ ከዝገት ጋር የተያያዙት ብሎኖች እየተሰበሩ ካስቸገሩት በቀር። ከባዱ መዝጋቱ ነው። አንደኛ፣ ከፋኑ ቤት የሚወጡት ሁለቱ ቀዳዳዎች በላሜራ ክዳን ተዘጉ፤ ክፍት ቢቀሩ ሞተሩን ሊያቀዘቅዝ የሚገባው አየር በከንቱ ይባክናል። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር የሚያባክነው የለውም። ሁለተኛ፣ ቱቦዎቹ ወደ ታች የሚያልፉባቸው የላሜራ ቀዳዳዎች ተደፈኑ፤ አለዚያ ከሥር የሚወጣው ትኩስ አየር ወደ ላይ ተመልሶ ፋኑ ይስበዋል። ሦስተኛውና ለዚህ ቤተሰብ ዋናው፣ ወደ መኪናዋ ሆድ የሚገቡት ሁለቱ አፎች በሚገባ ታሸጉ። ይህን ሦስተኛውን የሚረሳ ብዙ ነው። አለዋዋጩ ተነሥቶ አፉ ክፍት ከቀረ፣ ከሥር የሚንሸራሸረው ጢስ በዚያው በድሮው መንገድ ይገባል።

በመካከሉ አንድ ነገር ሊበላሽ ነበር። የመካኒኩ ረዳት፣ ቀልጣፋ ልጅ፣ ከማርሚታው ተነሥታ ከካርቡራተሩ ሥር የምታልፈውን ቀጭን ቧንቧ አየና «ይቺም የሂተር ናት፤ ትነሣ?» ብሎ መፍቻ አነሣ። መካኒኩ እጁን ያዘው። ያቺ ቧንቧ ሰውን አታሞቅም፤ ነዳጁን ነው የምታሞቀው። ቤንዚን በካርቡራተር ውስጥ ሲተንን ዙሪያውን ያቀዘቅዛል፤ በእርጥብና በቀዝቃዛ ጠዋት በውስጡ ያለው እርጥበት በረዶ እስከመሆን ይደርሳል። እሷ ከተነሣች መኪናዋ ቤት ደጃፍ በደንብ ተነሥታ መንገድ ላይ ትንቃለች፤ ባለቤቱም ካንዴላ ሲቀይር፣ ነዳጅ ሲያስጠራ ይከርማል። የጀርመኑ ነዳፊ ስለ ብርድ ካሰበው ሁሉ፣ ለአዲስ አበባ ክረምት የግድ የሚያስፈልገው ምናልባት ይህቺ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። ልጁ ይህን ሰምቶ ቧንቧዋን በሽቦ ብሩሽ ጠረጋት።

መምህሩ ያን ቀን ማታ መጽሐፋቸውን ገልጠው ማሞቂያውን በሚያሳየው ሥዕል አጠገብ ቀኑንና የተደረገውን በሙሉ ጻፉ፤ የትኛው ቀዳዳ በምን እንደተዘጋ፣ የትኛው ብሎን እንደተሰበረ። «ሙቀት አለዋዋጭ» የሚለውን የድሮ ጽሕፈታቸውን ግን አልሰረዙትም። የወረዱት ሁለት ብረቶች በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልለው፣ «የግራ» እና «የቀኝ» የሚል ወረቀት ታስሮባቸው የዕቃ ቤቱ ቆጥ ላይ ወጡ። የግራው ምንም እንደማይረባ ያውቃሉ። ቅርጹ ለበያጅ አብነት ይሆናል ይላሉ። «ቁራሌው» የሚል ጥሪ በአጥር ውጭ ባለፈ ቁጥር ወይዘሮዋ ወደ ቆጡ ቀና ይላሉ፤ መምህሩም ያዩዋቸዋል፤ እስካሁን ከመተያየት አላለፉም።

ልጅቷ ከዚያ ወዲህ በመኪናዋ ውስጥ አትተኛም። ከኋላ ሆና ያለማቋረጥ ታወራለች፤ መምህሩ ይህን እንደ አዲስ ችግር ይቆጥሩታል። ወይዘሮዋም የድሮ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ብርዱ ግን በእውነት ብርድ ሆነ፤ ሰላሳ ዓመት ሙሉ «ማሞቂያ የላትም» ሲሏት የነበረችው መኪና ለካ ትንሽ ታሞቃቸው ኖሯል። ዝናብ ሲጥል የሦስት ሰው ትንፋሽ የፊት መስታወቱን በአንድ አፍታ ይሸፍነዋል። ስለዚህ አሁን ሥርዓት ወጥቶለታል። ትንሿ ባለ ሦስት ማዕዘን መስኮት በሁለት ጣት ስፋት ተከፍታ ትሄዳለች፤ መምህሩ አያስዘጉም። በዳሽቦርዱ ላይ ታጥቦ የደረቀ የነጠላ ቁራጭ አለ፤ መጥረግ የወይዘሮዋ ሥራ ነው። አንድ አሮጌ ጋቢ ደግሞ ከኋላ ወንበር ላይ ታጥፎ ይቀመጣል፤ ሰኔ ሲገባ ልጅቷ ከአንገቷ እስከ እግሯ ትጠቀለልበትና ከውስጡ ሆና ታወራለች።